ደረቷን እንዳትመታ

ኡሙልኸይር ሰኞ ንጋት ላይ ደሴ ሞተች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ዙሪክ ሆኜ በእሷ ስም ለእህቷ የጡት መጠን መረጥኩ። ነገሩን የሰማ ሁሉ «ለደግ ብለሽ ነው» እያለ ያጽናናኛል። ለደግ ብዬ እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደለም።

ኡሙ ጎረቤቴ ነበረች። ጄኔቫ ሜራን ሰፈር ውስጥ እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሷ ስድስተኛ፤ አስራ ሰባት ዓመት በአንድ ሊፍት ወጥተን ወርደናል። እሷ የወሎ ሙስሊም፣ እኔ የጉለሌ ክርስቲያን። በእሷ ረመዳን እኔ ፊቷ እየበላሁ አስቀናታለሁ፣ በእኔ ሁዳዴ እሷ ክትፎ ይዛ ቤቴን ታንኳኳለች። ምላሷ ስለት ነው። ወረፋ የሚጋፋ ፈረንጅ እንኳ በአማርኛ ሰድባ ወደ ኋላ ትመልሰው ነበር። ለዘመድ ሰርግ ወደ ደሴ ስትሄድ የቤቷን ቁልፍና ታብሌቷን ለእኔ ሰጠችኝ። ቤቱን የሚያከራየው ሬዢ ደብዳቤ ሲልክ ፎቶ እያነሳሁ እንድልክላት ነው፤ የእኔ ስልክ ካሜራው ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል። ቴሌግራሟ ታብሌቱ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሰርጉ ባለቀ በማግስቱ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ስታደርግ ወደቀች፣ በዚያው ቀን ተቀበረች።

ታናሽ እህቷ ጠይባ ዙሪክ ነው የምትኖረው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ዱባይ ጸጉር ቤት ስትሠራ፣ ባሏ «ፊትሽና ጀርባሽ አይለይም» ብሎ ጥሏት ሄደ፤ እሷም እዚያው ጡቷ ውስጥ ሲሊኮን አስገባች። ወደዚህ ስትመጣ ጄኔቫ አየር ማረፊያ የተቀበልናት እኔና ኡሙ ነን። ጠይባ ሻንጣዋን እየገፋች፣ ደረቷን ነፍታ፣ እየሳቀች ወጣች። ኡሙ አላቀፈቻትም። ከላይ እስከ ታች አየቻትና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይሄን ተሸክመሽ ከጎኔ አትሂጂ» አለቻት። ጠይባ ኮቷን ቆለፈችና እስከ አውቶቡሱ ድረስ ከኋላችን ተከተለችን።

ተኮራርፈው አልቀሩም። ይደዋወላሉ፣ ዒድን አብረው ያሳልፋሉ፣ አንዷ ስታማት ሌላዋ በባቡር ትከንፋለች። ግን ጠይባ ጄኔቫ በመጣች ቁጥር፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ፣ ኮቷን አታወልቅም ነበር።

ዘንድሮ የግራ ጡቷ እየጠነከረ መጣ። ኤምአርአይ ስትነሳ ሲሊኮኑ ውስጥ ለውስጥ ተቀዶ ወደ ብብቷ መፍሰስ ጀምሯል። መውጣት አለበት። በምትኩ የሚገባውን ሐኪሟ ሦስት ምርጫ ሰጠቻት፤ እንደ ድሮው ሦስት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ መካከለኛው ሁለት መቶ ሰባ አምስት፣ ትንሹ ሁለት መቶ። «እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ቁጥሩን ንገሪኝ፣ አዛለሁ» ብላታለች። ኦፕራሲዮኑ በቀጣዩ ረቡዕ ነው። እሱ ካመለጠ እስከ ፀደይ ሌላ ተርሚን የለም። እኛ ጄኔቫ ያለነው ቀጠሮን ራንዴቩ እንላለን፣ ዙሪኮች ተርሚን ይላሉ፤ ጠይባና ኡሙ በዚህ እንኳ ይነታረኩ ነበር።

ማክሰኞ እዚያው ጄኔቫ፣ ሻትሌን ሰፈር ጋሽ ዓብዱልሰመድ ቤት ተሰበሰብን። ሞት ሲመጣ የሚመካከሩት እሳቸው ቤት ነው። ሰባት ነበርን።

«ጠይባ አይነገራትም» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ።

«ለምን? እህቷ እኮ ናት» አልኩ።

«ቀብሩ እንደሁ አልፏል። ራንዴቩዋን ትታ ለቅሶ ብትቀመጥ ደግሞ ያ መርዝ ብብቷ ውስጥ ይከርማል።»

«እሱ ብቻ መሰለሽ ሕብስት?» አለች ባለቤታቸው ሚሪያም። «መርዶ ስትሰማ ደረቷን ነው የምትመታው። አባታቸው የሞተ ጊዜ አይተሻታል፣ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ነበር። ያንን የተቀደደ ነገር ብትደልቀውስ? ወይ ደግሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስፌቷ ሳይጠና ብትሰማስ?»

«ደረት መምታት ሐራም ነው» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ።

«ሐራምነቱን ማን አጣው። እጅ ግን አይሰማም» አለች ሚሪያም።

በዚህ ተስማማን። ስፌቷ ሲጠና፣ እንደ ወጉ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል። እስከዚያ ዝም፤ ለደሴ ዘመዶችም ይኸው ተነገራቸው። ችግሩ ጠይባ ከትናንት ጀምሮ ለእህቷ እየጻፈች ነው። «እታለም፣ ምነው ጠፋሽ?» ትላለች። የሁሉም ዓይን ወደ ቦርሳዬ ዞረ።

ታብሌቱን ስከፍተው የመጻፊያዋ ቦታ ባዶ አልነበረም። ኡሙ እሑድ ማታ ደሴ በስልኳ ጀምራ ያልላከችው ነገር እዚህም ይታያል። «ጠይባዬ፣ የዛን ቀን አየር ማረፊያው ያልኩሽን ነገር» ይላል። እዚያ ላይ ቆሟል። መብራት ሄዶባት ይሆናል፣ ወይ ለእራት ጠርተዋት ይሆናል፣ አላውቅም። ኡሙ መልእክት በ«ጠይባዬ» ጀምራ አታውቅም። «ስሚ» ነው የምትለው። «ስሚ፣ በልተሻል?» «ስሚ፣ የክራንከንካሴውን ኢንሹራንስ ከፍለሻል?» ትልና «በቃ» ብላ ትዘጋለች።

«ጻፊ እንጂ!» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ።

ሰባት አልነበርንም፣ ሰባ የሆንን መሰለኝ። ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩት። ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት እየተለቀሙ ሄዱ፤ መጨረሻ የጠፋው «ጠይባዬ» ነው። ከዚያ ያዘዙኝን ጻፍኩ። «ስሚ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም። መደወል አይሠራም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያልፈው። ደህና ነኝ። በቃ።»

«ስሚ»ንና «በቃ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዓብዱልሰመድ በትከሻዬ አሻግረው አይተው «ጎሽ፣ ቁርጥ እሷን!» አሉ። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጠይባን ላስታምም ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ቀድሜ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ባቡር ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ የኡሙን የድሮ የድምፅ መልእክቶች እየከፈትኩ አዳመጥኩ። አነጋገሯን ልልመድ ብዬ ነው። ከሎዛን እስከ በርን የሞተች ሴት ጆሮዬ ውስጥ ስታወራ መጣች። አንዱ ላይ «ስሚ፣ ሕብስት አጠገቤ ናት፣ እንደ ልማዷ እየበላች ነው» ትላለች፤ ከኋላዋ የራሴ ሳቅ ይሰማል። እኔም ባቡሩ ውስጥ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ቲኬት የሚያየው ሰውዬ ደህና መሆኔን ሲጠይቀኝ «ስሚ» ልለው አፌ ላይ መጣ።

ጠይባ አልትሽቴተን ያለው ቤቷ በር ላይ አቅፋ ሳመችኝ። «እታለም ኔትወርክ የለም አለችኝ፣ አንቺን አግኝታሻለች?» አለችኝ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። አግኝታኛለች አልኩ። ሐሰት አልነበረም።

ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ወረቀት ተደርድሯል። ሐኪም ቤቱ ደረቷን በማሽን አንስቶ ሦስቱን መጠን አስመስሎ አትሞላታል፤ ሦስት ራስ የሌላቸው ጠይባዎች። ከእያንዳንዱ ወረቀት ፊት በስስ ካልሲ የታሰረ ሁለት ሁለት ኳስ ሩዝ ተቀምጧል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩ።

«ቁጥር አይገባኝም። በኩሽና መለኪያ ሰፍሬ ክብደቱን በእጄ ልየው ብዬ ነው። ያዢው እስቲ።» ሁለት መቶውን በአንድ እጄ፣ ሦስት መቶ ሃምሳውን በሌላው አስያዘችኝ። «አስራ አምስት ዓመት ያንን ተሸክሜ ነበር። ደስ እያለኝ ነው የተሸከምኩት፣ ልዋሽሽ አልችልም። ራሴን በመስታወት አይቼ የወደድኩት ያኔ ነው።»

«አሁንስ?»

«የመሃሉን ነው የወደድኩት። ግን እታለምን ልጠይቃት።»

«እሷ ምን አገባት? ደረቱ ያንቺ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«እሷ ያልወደደችውን አድርጌ አስራ አምስት ዓመት ኮት ለበስኩ። አሁን ያለችኝን አድርጌ ኮቴን ላውልቅ። ደክሞኛል ሕብስትዬ። አንዴ ብቻ ‹ያምርብሻል› ብትለኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛውን ፎቶ አነሳች፣ ጻፈች፣ ላከች። እግሬ ስር ቦርሳዬ ውስጥ ታብሌቱ ጢን አለ።

«ስልክሽ ጮኸ» አለችኝ።

«ከሥራ ነው» አልኩና ቦርሳዬን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ። በሩን ቆልፌ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መልእክቷ «እታለም፣ የቱን ልያዝ? እኔ የመሃሉን ወድጃለሁ፣ ግን አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» ይላል።

መልሱ እጄ ላይ ነበር። «ጠይባዬ፣ የመሃሉን ያዢ፣ ያምርብሻል» ብዬ ጻፍኩ። ኡሙም ልትለው የነበረው ወደዚህ የቀረበ ነገር እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ያጠፋሁት ጅምር ያንን ይነግረኛል። ግን ጣቴ መላኪያው ላይ ሲደርስ ፈራሁ። አስራ አምስት ዓመት ያልወጣ ደግ ቃል ድንገት ከደሴ ቢመጣ ጠይባ ምን ትላለች? «እታለም፣ ምን ሆነሻል?» ትላለች። ዘመድ ጋ ትደውላለች፣ ትነቃለች፣ እዚያው ሩዙ ፊት ደረቷን ትደልቃለች። ኡሙን በሕይወት ለማቆየት ክፉ ማድረግ ነበረብኝ። አጠፋሁትና እንደገና ጻፍኩ። «ስሚ፣ ትንሹን። ትልቁ ምን ያደርግልሻል። በቃ።»

ከግድግዳው ማዶ የጠይባ ስልክ ሲጮህ ሰማሁት። ውሃ ለቅቄ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ጠይባ የመሃሉን ካልሲ ፈትታ ሩዙን ድስት ውስጥ እየገለበጠች ነበር።

«ምን አለችሽ?»

«ያው ናት» አለችና ሳቀች፤ ዓይኖቿ ግን አልሳቁም። «ትንሹን አለች። አልተለወጠችም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት ማለት ነው።»

እራታችን ያ ሩዝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ለሐኪሟ ደውላ ሁለት መቶ አለቻት።

ቅዳሜ ሪያድ ከደሴ ደወለልኝ፤ የአጎታቸው ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሕብስት፣ አንቺ ነሽ የምትጽፊው?» አለኝ። የኡሙ ስልክ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነበርና መብራት ሲመጣ በራ። ሴቶቹ ሲያዩት ኡሙ «ስሚ» እያለች ለጠይባ ትጽፋለች። አክስታቸው ጮኻ ወጣች። ስልኩን በነጠላ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እግዜር ያሳይሽ፣ ትንሽ ቀንሺ» አለኝ። እሱ ሙስሊም ነው፤ «እግዜር» ያለው ለእኔ ብሎ ነው።

አልቀነስኩም። ጠይባ በየቀኑ ትጽፋለች፣ እኔም በየቀኑ ከጎኗ ተነስቼ ሽንት ቤት እገባለሁ። ሆድሽን ታመሽ እንዴ ብላ ሻይ በጦስኝ አፈላችልኝ። ረቡዕ፣ ባለ ጎማው አልጋ ላይ ሰማያዊ ካባ ለብሳ ተኝታ፣ ስልኳን ለእኔ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጻፈች። «እታለም፣ ልገባ ነው፣ ዱዓ አድርጊልኝ።» ይዘዋት ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ስሚ፣ አትፍሪ» ብዬ መለስኩ። «በቃ» ለማለት እጄ እምቢ አለ። መልሱን የተቀበለው እዚያው ሌላኛው እጄ ላይ ያለው ስልኳ ነው።

ከገባች ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወጣች። ሐኪሟ የተቀደደውን ሁሉ እንደጠረገች፣ ትንሹም በደንብ እንደተቀመጠ ነገረችኝ። ጠይባ ከማደንዘዣው ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ «ነገርሻት?» አለችኝ። ነገርኳት አልኩ።

ቤት ከገባን በአምስተኛው ቀን ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጡት ቱቦዎች ተነሱላት። እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ስለማትችል እኔ ነኝ የማለብሳት። ስስ ከናቴራ አለበስኳትና መስታወት ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየች። የመረጠችው እንዳልሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ልጅ ሆና የለበሰችው ልብስ ተመልሶ የተሰጣት ትመስላለች። ከዚያ ትከሻዋን ቀና አደረገች።

«እንግዲህ አሁን ከጎኗ እሄዳለሁ» አለች።

እዚያው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሚሪያም «እጅ አይሰማም» ያለችው ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ።

እሑድ፣ ከኦፕራሲዮኑ በአስራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት በሩ ተደወለ። ከጄኔቫ በዋዜማው በመኪና መጥተው ዘመድ ቤት አድረዋል። ጠይባ እኔን ቀድማ ከፈተች። ጋሽ ዓብዱልሰመድ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ከኋላቸው ሚሪያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጠይባ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ጋሽ ዓብዱልሰመድ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ማለት ሲጀምሩ ሴቶቹ ግራና ቀኝ እጆቿን ያዙ፣ እኔ ከኋላዋ ወገቧን።

«ኡሙልኸይር ናት» አሉ።

አንድ ጊዜ ጮኸች። ክንዶቿ በእጃችን ውስጥ ተወራጩ፤ ያላትን ጉልበት ሁሉ ወደ ደረቷ ልታመጣው ታገለች። አለቀቅናትም። አራት ሴት ተረባርበን ሶፋው ላይ አስቀመጥናት፤ ቀኝ እጇን ሚሪያም፣ ግራውን እኔ ያዝን። ስፌቱ ያዘ። ለዚህ ነበር ሁሉም ነገር፣ ተሳካልን።

ቆይታ «መቼ?» አለች።

«የዛሬ ሃያ ቀን። ሰኞ ንጋት» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ።

ጣቶቿ እጄ ውስጥ አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ። እየቆጠረች ነው።

«ሐሙስ ነው ትንሹን ያለችኝ» አለች።

ጋሽ ዓብዱልሰመድ ምንጣፉን ያያሉ። ጠይባ አንገቷን ወደ ደረቷ አቀርቅራ ከናቴራዋን አየችው። «ታዲያ ይሄን ማነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። ሽንት ቤቱን፣ ጽፌ ያጠፋሁትን፣ «ያምርብሻል»ን። ሚሪያም በዓይኗ እንድተው ስትለምነኝ እያየሁ ሻትሌን ያጠፋሁትንም ጅምር ነገርኳት። እሱን ይዤ መኖር አልቻልኩም፣ ለእሷ ብዬ አይደለም የተናገርኩት። ጠይባ አላለቀሰችም። ዓይኗ ብቻ ፊቴ ላይ ቀረ።

«አምጪው» አለችኝ።

ግራ እጇን ለአንዷ ሴት ሰጥቼ ታብሌቱን አመጣሁና ጉልበቷ ላይ አደረግኩት።

«እንደነበረው ጻፊልኝ።»

በጉልበቴ ተንበርክኬ ጻፍኩ። «ጠይባዬ፣ የዛን ቀን አየር ማረፊያው ያልኩሽን ነገር»። እዚያ ላይ ቆምኩ።

አነበበችው። ሁለቴ ሦስቴ አነበበችው። «‹ጠይባዬ› ብላ ነው የጀመረችው?»

«አዎ።»

«ጨርሺው» አለችኝ።

«ጠይባ፣ እኔ እንዴት...»

«ሃያ ቀን እሷ ሆነሽ ስትጽፊ አልከበደሽም። የጡቴን መጠን ስትመርጪ አልከበደሽም። ይሄን አንዷን ጨርሺልኝ።»

ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደረግኩ። ሃያ ቀን ጆሮዬ ውስጥ ስታወራ የከረመችው ኡሙ ጭጭ አለች። «ስሚ» እንኳ አልመጣልኝም። ምን ልትላት ነበር? ይቅርታ? ወይስ ያንኑ ልትደግመው? ልቤ ያውቃል ያልኩት ሁሉ የት እንደሄደ እንጃ።

«አንድ እጄን ልቀቁልኝ» አለች ጠይባ።

ሚሪያም ጋሽ ዓብዱልሰመድን አየቻቸው፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኝ እጇን ለቀቀችላት። ሁላችንም ያንን እጅ እያየን ነበር። ወደ ደረቷ አልወሰደችውም። ስክሪኑ ደብዝዞ ሲጠፋ ጣቷን ዘርግታ ነካችው፣ በራ፤ ጠበቀችኝ። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ነካችው።